እርጥብ እንጨትና ፍም፦ የኦማይኒውስ ጉዳይ

አንድ ዜና ሁለት ጊዜ ተጻፈ። መጀመሪያ ሲጻፍ ሰሚ አጣ። ሁለተኛ ሲጻፍ ዓለምን አዳረሰ። የኦማይኒውስን፣ ተራ ዜጎች የሚጽፉበትን የደቡብ ኮሪያ የኢንተርኔት ጋዜጣ፣ ጉዳይ ከዚህ የምጀምረው፣ ድርጅቱን የመሠረተው ሰው ያንን ሰሚ ያጣውን ዜና የጻፈው ሰው ስለሆነ ነው።

ሰውየው ኦ ዮን-ሆ ይባላል፣ ደቡብ ኮሪያዊ ጋዜጠኛ ነው። በ1994 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) «ማል» በምትባል ወርሃዊ መጽሔት ላይ ስለ ኖ ጉን ሪ ጻፈ። የኮሪያ ጦርነት በጀመረ በወሩ፣ ጁላይ 1950፣ የአሜሪካ ወታደሮች እዚያች መንደር አጠገብ ባለ የባቡር ድልድይ ሥር የነበሩ ስደተኞችን በጥይት ፈጅተዋል። ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ቦታው አለ። የድልድዩ ግንብ ላይ የጥይቱ ምልክት ሳይቀር አለ። ትልልቆቹ ጋዜጦች ግን ጉዳዩን ከቁብ አልቆጠሩትም።

ሴፕቴምበር 1999 ላይ የአሜሪካው ዜና ወኪል አሶሲየትድ ፕሬስ ያንኑ ታሪክ አወጣው። ያኔ የኮሪያ ጋዜጦች በሙሉ ተንጫጩ፣ ዘገባው በ2000 ፑሊትዘር የሚባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመ፣ በ2001 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ማዘናቸውን ገለጹ። መቼም የአሜሪካኖቹን ሥራ አላሳንስም፤ የቀድሞ ወታደሮችን አፈላልገው አናግረዋል፣ የጦር ሰነድ ቆፍረዋል። ቢሆንም ኦ ዮን-ሆ ቦታ ላይ ሆናችሁ አስቡት። ከአምስት ዓመት በፊት የጮህክበት ነገር፣ ሌላ ሰው ሲናገረው ዜና ሆነ። ዜናን ዜና የሚያደርገው የተባለው ነገር ነው ወይስ ያለው ሰው?

ይህ ጥያቄ ብዙዎችን ያናድዳል፣ ከዚያ ይረሳል። እሱ አልረሳውም።

ማል ራሷ ቀላል መጽሔት አልነበረችም። በቹን ዱ-ህዋን ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን መንግሥት ለመገናኛ ብዙኃን በየቀኑ ምስጢራዊ መመሪያ ይልክ ነበር። ምን ይጻፍ፣ ምን ይቅር፣ የትኛው ርዕስ ይግዘፍ፣ የትኛው ይጥበብ፣ ሁሉም ተዘርዝሮ ይመጣል። ያንን መመሪያ በ1986 ሰብስባ አደባባይ ያወጣችው ማል ናት፣ በዚህም ሰዎች ታስረዋል። በዓመቱ፣ በ1987፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫን መልሶ አገኘ። በ1988 ደግሞ ከሥራቸው የተባረሩ ጋዜጠኞች ከ27 ሺህ በላይ ሰው ባዋጣው ገንዘብ ሃንክዮሬ የሚባለውን ጋዜጣ አቋቋሙ። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሰዉ ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ጋዜጣ ማቋቋም የጀመረው ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊት ነው።

ገበያው ግን አልተነቃነቀም። ቾሱን፣ ጁንግአንግና ዶንግአ የሚባሉት ሦስት ወግ አጥባቂ ዕለታዊ ጋዜጦች የአንባቢውን አብዛኛውን ድርሻ ይዘው ቆዩ። ኮሪያውያን የሦስቱን ስም አሳጥረው «ቾ-ጁንግ-ዶንግ» ይሏቸዋል፣ አባባሉ ፍቅር የለበትም። አንድ ነገር በእነሱ ካልተጻፈ እንዳልሆነ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

ኦ ዮን-ሆ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት አሜሪካ ሄደ። የኦማይኒውስን ሐሳብ ያበሰለው እዚያ ነው። ተመልሶ መጣና እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2000፣ ከቀኑ 2፡22 ላይ (በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ) ድረ ገጹን ከፈተ። ሁለት ሁለት ሁለት የተደረደረው በአጋጣሚ አይደለም፣ ሰውየው ነገር ማሳመር ይወዳል። አብረውት የነበሩት የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች አራት ነበሩ። ቀድመው የተመዘገቡት ዜጋ ዘጋቢዎች ደግሞ 727። መፈክሩ አንድ መስመር ነው፦ ማንኛውም ዜጋ ጋዜጠኛ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ስለ ኦማይኒውስ የሚያወራ ሰው ሁሉ ይህን መፈክር ጠቅሶ ያልፋል። ተማሪው፣ የቤት እመቤቷ፣ መምህሩ፣ ገበሬው፣ የቢሮ ሠራተኛው ብዕር አነሱ፣ ትልልቆቹ ጋዜጦች ተንቀጠቀጡ፣ አለቀ። እኔ መፈክሩን ከመጀመሪያውም አላመንኩትም። ማንኛውም ዜጋ ጋዜጠኛ አይደለም። ማንኛውም ዜጋ ያየ፣ የሰማ፣ የደረሰበት ሰው ነው፣ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ያየውን ወደ ዜና የሚቀይረው ሌላ ሥራ አለ። ኦማይኒውስ ብልጠቱ መፈክሩን ፊት ለፊት ሰቅሎ፣ ያንን ሌላ ሥራ ከጀርባ በጸጥታ መሥራቱ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። መጻፍ የፈለገ ሰው በእውነተኛ ስሙ ይመዘገባል፣ ማንነቱም ይጣራል። በብዕር ስም ተሸፍኖ ሰው መሳደብ አይቻልም። ጽሑፉን ይልካል። የተላከው ጽሑፍ መጀመሪያ «ሴንግናሙ» ይባላል፣ ትርጉሙ እርጥብ እንጨት ማለት ነው፣ ገና ከዛፉ የተቆረጠ። ከዚያ ቋሚ አርታኢዎቹ ያነቡታል። ማን ምን አለ፣ መቼ ሆነ፣ ጸሐፊው ከጉዳዩ ጋር ምን ግንኙነት አለው የሚለውን ያያሉ። ያለፈው ጽሑፍ «ኢንግኦል» ይሆናል፣ ፍም ማለት ነው። የበለጠ የከበደው ወደ ፊት ገጽ ይወጣል። ያላለፈው እርጥብ እንጨት ሆኖ ይቀራል፣ እሳት ሳይነካው።

እኔ በዚህ ስያሜ ተደምሜያለሁ። እርጥብ እንጨት መጥፎ እንጨት አይደለም እኮ። ገና አልደረቀም ማለት ነው። እንዳለ ብትማግደው ቤቱን ጭስ ይሞላዋል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ሙቀት ግን የለውም። ዛሬ ስልካችንን ስንከፍት የምናየው አብዛኛው ነገር ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም።

ከሚወጣው ጽሑፍ 80 በመቶ የሚሆነው የዜጎቹ ነበር፣ ቀሪውን የተቀጠሩት ጋዜጠኞች ይጽፉታል። ተቀጣሪዎቹ ፓርላማውን፣ ፍርድ ቤቱን፣ ረጅም ምርመራ የሚጠይቀውን ይይዛሉ። ዜጎቹ ደግሞ ማንም የማይልካቸው ቦታ አሉ፣ ምክንያቱም ኑሯቸው እዚያ ነው። «የኑሮ ወሬ» ልንለው የምንችል አምድ ነበራቸው፤ አንዱ ስለ አባቱ ሕመም፣ ሌላው ስለ ሥራ ቦታው፣ ሌላዋ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ትጽፋለች። የለመዱት ጋዜጦች «ይሄ ምኑ ዜና ነው?» ብለው የሚጥሉት ዓይነት። አንባቢው ግን ራሱን አገኘበት።

ክፍያም ነበር፣ የሚያኮራ ባይሆንም። ፊት ገጹ ራስ ላይ የወጣ ጽሑፍ 20 ሺህ ዎን ገደማ ያስገኛል፣ ያኔ 17 ዶላር ግድም ነው። ከዚያ በታች ያለው በጣም ትንሽ ነው። ለገንዘብ ብሎ የሚጽፍ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስምህ ከነማዕረጉ፣ «ዜጋ ዘጋቢ እገሌ» ተብሎ ሲወጣ ያለው ስሜት ነው ሰዉን የሳበው።

ለንጽጽር ያህል፣ ኦማይኒውስ ከመከፈቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር 1999፣ በአሜሪካዋ ሲያትል የዓለም ንግድ ድርጅት ስብሰባን የተቃወሙ ሰዎች ኢንዲሚዲያ የሚባለውን አቋቁመው ነበር። እዚያ ማንም ሰው የጻፈውን፣ የቀረጸውን ራሱ ይለጥፋል፣ ከፊት የሚያጣራ አርታኢ የለም። በሰልፉ ቀናት ድንቅ ሥራ ሠሩ፤ ፖሊስ በጎዳናው ላይ የሚያደርገውን ካሜራ የያዘው ሰልፈኛ ራሱ አሳየ። በጥቂት ዓመታት በብዙ አገሮች ከመቶ በላይ ቅርንጫፍ አፈሩ። ከዚያ ግን ብዙዎቹን ስድብና ቆሻሻ ማስታወቂያ ዋጣቸው። በፈቃደኝነት የሚያጸዳው ሰው ይደክመዋል፣ ቆሻሻው ግን አይደክመውም። ልዩነቱ እንግዲህ ይሄ ነው። ሁለቱም በሩን ለሁሉም ከፈቱ፤ ኦማይኒውስ በሩ ላይ ሰው አስቀመጠ።

ወደ ኮሪያ ልመለስ። ጊዜውም አግዟቸዋል። ደቡብ ኮሪያ ያኔ ፈጣን ኢንተርኔትን በቤት በማስገባት ዓለምን ትመራ ነበር፣ በ2002 መጨረሻ ላይ የፈጣን መስመር ደንበኛው ከ10 ሚሊዮን አልፏል። አገሩ ትንሽ ነው፣ ሕዝቡ ከተማ ውስጥ የተጠጋጋ ነው፣ አንድ ነገር ከተፈጠረ ዜጋ ዘጋቢ ከጎኑ አይጠፋም። ከሁሉ በላይ ግን የታፈነ ብሶት ነበር። በ1980ዎቹ ድንጋይ ሲወረውር የነበረው ተማሪ አሁን ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቶ፣ ሥራ ይዞ፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጧል፤ ጋዜጣው ግን ዛሬም ያኔ የሚጠላው ጋዜጣ ነው።

በሮቹ ግን ቶሎ አልተከፈቱም። በ2001 አንድ የኦማይኒውስ ጋዜጠኛ ከኢንቾን አየር ማረፊያ የጋዜጠኞች ክፍል ተባረረ። ያባረሩት ዘበኞች ብቻ ቢሆኑ አይገርምም ነበር፤ ክፍሉን የሞሉት የሌሎች መገናኛ ብዙኃን ጋዜጠኞች ናቸው አትገባም ያሉት፣ አባል አይደለህም ብለው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ዓይነት የጋዜጠኞች ክበብ ነበረ፣ መግለጫ የሚሰጠው ለአባል ነው፣ አባል ለመሆን ደግሞ የነባሮቹ ይሁንታ ያስፈልጋል። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በአገሩም ትልቅ ክርክር አስነሳ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከፕሬዚዳንት ዕጩነት ተፎካካሪዎች ጋር ቃለ ምልልስ ሊያደርጉ ሲሉ የምርጫ ኮሚሽን ሰዎች ቢሯቸው ድረስ መጥተው አስቆሟቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሕጉ መሠረት ኦማይኒውስ «መገናኛ ብዙኃን» አይደለም። የኢንተርኔት ጋዜጣ በሕግ የታወቀው በ2005 ነው። እስከዚያ ድረስ ሚሊዮኖች እያነበቡት በወረቀት ላይ የለም።

አሁን ወደ 2002 መጨረሻ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው፣ እኔም አላልፈውም።

ጁን 13 ቀን 2002፣ የዓለም ዋንጫ ኮሪያና ጃፓን ላይ እየተካሄደ ሳለ፣ ሁለት ታዳጊ ተማሪዎች በአሜሪካ ጦር ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ተገጭተው ሞቱ። አገሩ ኳስ ላይ ነበር። ትልልቆቹ ጋዜጦች ለጉዳዩ ትንሽ ቦታ ሰጡት። ኦማይኒውስ ግን አልለቀቀውም፣ ወር አልፎ ወር ሲተካ እየተመላለሰ ጻፈው። በኖቬምበር ተሽከርካሪውን የያዙት ሁለት ወታደሮች በአሜሪካ ጦር ፍርድ ቤት ነጻ ተባሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ ጥሪ አቀረበ፦ የሞቱ ሰዎች ነፍስ የእሳት ብልጭታ የምታበራ ትንኝ ትሆናለች ይባላል፣ እኛም ሻማ ይዘን ሴኡል መሐል ጓንግህዋሙን እንሙላ የሚል መንፈስ ያለው። ኖቬምበር 30 ምሽት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሻማ ይዘው ወጡ። ኮሪያ ውስጥ ዛሬ ድረስ የተቃውሞ ምልክት የሆነው የሻማ ሰልፍ ሥር የያዘው በዚያ ሰሞን ነው።

ጥሪውን ያቀረበው ሰው የኦማይኒውስ ዜጋ ዘጋቢ ነበር። እና እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ሰውየው ጥሪውን ራሱ ከጻፈ በኋላ፣ «አንድ የኢንተርኔት ተጠቃሚ እንዲህ ብሏል» ብሎ ስለ ራሱ ጥሪ ዜና ሠርቶ ለኦማይኒውስ ላከ። አርታኢዎቹ አላወቁም። አለፈ። ነገሩ ሲታወቅ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ወግ አጥባቂዎቹ ጋዜጦችም ጮቤ ረገጡ፣ «ያልናችሁ ይሄንን አይደል!» አሉ።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አሰብኩ። ሰውየው ውሸት አልጻፈም፣ ጥሪው በእርግጥም ቀርቧል። ልጆቹ በእርግጥም ሞተዋል። ሰልፉም የመጣው ከሰዉ ቁጭት እንጂ ከዚያ አንድ ጽሑፍ አይደለም። ግን ሰልፍ ጠሪውና ሰልፍ ዘጋቢው አንድ ሰው ሲሆን አንባቢው ማወቅ አለበት፣ በቃ። «እኔ ነኝ የጠራሁት፣ ኑ» ብሎ በስሙ ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል? ዜጋ ዘጋቢ ጥቅሙ ከጉዳዩ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱም ያው ነው። የታመመው እሱ ነው፣ የተበደለው እሱ ነው፣ ሰልፍ የወጣው እሱ ነው። ገለልተኛ ሁን ልትለው አትችልም። «የት ቆመህ እንደምታወራ ንገረን» ልትለው ግን ትችላለህ፣ ያንን የሚጠይቀው ደግሞ አርታኢ ነው። ያን ዕለት አርታኢው አልጠየቀም።

ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ማጣራት የሚያቅተው አማተር ብቻ አይደለም። በኤፕሪል 2003 ትልልቅ የኮሪያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሲኤንኤንን ገጽ አስመስሎ የተሠራ የውሸት ገጽ አምነው ቢል ጌትስ ተገደለ ብለው አውጀዋል። ገበያው ሳይቀር ተናወጠ። ባለ ብዙ ካሜራዎቹና ባለ ብዙ ደመወዞቹ ናቸው እንግዲህ።

ከሻማው ሰልፍ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ። የሠራተኛ መብት ጠበቃ የነበሩት ሮ ሙ-ህዩን ከወግ አጥባቂው ሊ ሆይ-ቻንግ ጋር ተፋጠጡ። ትልልቆቹ ጋዜጦች ሮን አይወዱም፣ እሳቸውም ይህንን አይደብቁም። ሮ የህዩንዳይ ቤተሰብ ከሆኑት ቹንግ ሞንግ-ጁን ጋር ጥምረት ፈጥረው ነበር። ዲሴምበር 18 ምሽት፣ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩ፣ ቹንግ ድጋፌን አንስቻለሁ አሉ። ጉድ ተባለ። ቾሱን ኢልቦ በሌሊት ርዕሰ አንቀጹን ቀይሮ ቹንግ ሮን ጣሏቸው ብሎ ጻፈ፣ መራጩም ደግሞ እንዲያስብበት መከረ። ወረቀት ግን አንዴ ከታተመ ታተመ ነው። ኦማይኒውስ ሌሊቱን ሙሉ ዜናውን እያደሰ አደረ፤ የሮ ደጋፊዎች ከዚያ እያነበቡ፣ ስልክ እየደወሉ፣ መልእክት እየላኩ ጓደኛና ዘመድ ወደ ምርጫ ጣቢያ ገፉ። ሮ በ48.9 በመቶ ለ46.6 አሸነፉ። የድምፁ ልዩነት ከ600 ሺህ በታች ነበር።

ኦማይኒውስ ነው ያስመረጣቸው? ብዙ የውጭ ጋዜጦች እንዲህ ጽፈዋል። እኔ ግን ያን ያህል አልደፍርም። የደጋፊዎቻቸው ማኅበር ነበረ፣ የወጣቱ ቁጣ ነበረ፣ የሻማው ሰልፍ ነበረ። በእርግጠኝነት የምለው፣ ሮ ከድሉ በኋላ የመጀመሪያውን ቃለ ምልልስ የሰጡት ለትልልቆቹ ሳይሆን ለኦማይኒውስ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ዕጩ እንዳታናግሩ ተብለው የተከለከሉት ሰዎች ተመራጩን ፕሬዚዳንት ቀድመው አናገሩ።

ግን ይህ ድል የራሱ ዕዳ አለበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦማይኒውስ የሮ ወዳጅ ተብሎ ታወቀ። ትልቁን አፍ ለመሞገት የተቋቋመ ሰው፣ ወዳጁ ቤተ መንግሥት ሲገባ ምን ይሆናል? ተቃዋሚ መሆን ቀላል ነው፤ የምትደግፈው ሰው ሲሳሳት መጻፍ ነው ከባዱ። በሮ ዘመን ኦማይኒውስ መንግሥትን የሚነቅፉ ጽሑፎችንም አውጥቷል። ስሙ ግን አልተላቀቀውም፣ መንግሥት ሲቀየርም ይህ ስም አልጠቀመውም።

ገንዘቡን እንይ፣ ምክንያቱም በመጨረሻ ሁሉም ወደዚያ ይመጣል። ኦማይኒውስ በ2003 ማትረፍ ጀመረ። ከገቢው 70 በመቶ ግድም ማስታወቂያ ነው፣ 20 በመቶ ያህሉ ዜናን ለሌሎች በመሸጥ የሚገኝ። አንድ የሚገርም ዘዴም ነበራቸው፤ አንባቢው የወደደውን ጽሑፍ ለጸሐፊው በቀጥታ ገንዘብ በመላክ ያመሰግናል። በ2004 ዋና ከተማውን ከሴኡል የማዛወር ዕቅድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፍርድ ቤት ሲወስን፣ ኪም ዮንግ-ኦክ የተባሉት ፈላስፋ ውሳኔውን የሚተች ጽሑፍ ጻፉ። በቀናት ውስጥ ከሺዎች አንባቢዎች ከ20 ሚሊዮን ዎን በላይ ተላከላቸው። ፊት ገጽ ከሚያስገኘው 20 ሺህ ዎን ጋር አወዳድሩት።

ታዲያ ልብ በሉ፣ ይህ ገንዘብ የሄደው ለጸሐፊው ነው፤ ያውም አገር ለሚያውቃቸው ፈላስፋ። ጽሑፋቸውን ያነበበው፣ ያስተካከለው፣ በዚያው ቀን ሌላ መቶ እርጥብ እንጨት ያገላበጠው አርታኢ ማንም ጉርሻ አልላከለትም። ማን ያስታውሰዋል? የአርታኢ ሥራ ጥሩ ሲሆን አይታይም።

በ2006 የጃፓኑ ኩባንያ ሶፍትባንክ 11 ሚሊዮን ዶላር ይዞ መጣ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት መጨረሻ ኦማይኒውስ ጃፓን ተከፈተ። ሹንታሮ ቶሪጎዬ የተባሉ ስመ ጥር ጋዜጠኛ ዋና አዘጋጅ ሆኑ። ገንዘብ አለ፣ ቴክኖሎጂ አለ፣ ልምዱ አለ። አልሠራም። የአስተያየት መስጫው በስድብ ተጥለቀለቀ፣ በስሙ መጻፍ የሚፈልግ ሰው ጠፋ። በ2008 ስሙንና ይዘቱን ቀይሮ የአኗኗር ጉዳይ ላይ የሚያተኩር ድረ ገጽ ሆነ፣ በ2009 ተዘጋ። ሰዎች ምክንያት ሲደረድሩ ጃፓናዊ በስሙ መውጣት አይወድም ይላሉ። እውነት ይኖረዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። ኮሪያ ውስጥ ኦማይኒውስ ሲከፈት ሊናገር የተሰለፈ ሰው ነበር፣ በሩ ብቻ ነው የጎደለው። ጃፓን ውስጥ በሩን አስመጥተው ሰልፈኛ ፍለጋ ወጡ። የእንግሊዝኛው ኦማይኒውስ ኢንተርናሽናልም፣ በ2004 ተጀምሮ ከዓለም ዙሪያ ጽሑፍ ሲቀበል የነበረው፣ በ2010 ዜና ማውጣቱን አቆመ። ከመቶ አገር የሚመጣን ጽሑፍ ሴኡል ተቀምጦ ማን ያጣራዋል? የት ይደውላል?

በራሱ አገርም ነፋሱ ዞረ። በ2008 የአሜሪካ የበሬ ሥጋ ወደ አገር እንዳይገባ የተቃወሙ ሰዎች ለወራት ሴኡልን በሻማ ሞሏት። ኦማይኒውስ ሰልፉን ቀንና ሌሊት በቀጥታ አስተላለፈ፣ ተመልካቹም ገንዘብ እያዋጣ አበረታታው። ጥሩ ጊዜ ነበር። ግን ያን ጊዜ ጎዳና ላይ ሌላም ነገር ታየ። ላፕቶፕና ትንሽ ካሜራ የያዙ ልጆች ያኔ አፍሪካ ቲቪ ይባል በነበረ አገልግሎት (ስሙ ከአህጉሩ ጋር አይገናኝም) ሰልፉን ራሳቸው ያስተላልፋሉ። ክርክሩ ዳውም በሚባለው ፖርታል (የብዙዎችን ዜና በአንድ ቦታ የሚያቀርብ ድረ ገጽ) የውይይት መድረክ ላይ ይጦፋል። ማንም ጽሑፉን ለአርታኢ ልኮ ፍም እስኪሆን አይጠብቅም። «ማንኛውም ዜጋ ጋዜጠኛ ነው» የሚለው መፈክር እውነት ሆነ፣ እውነት ሲሆን ግን ኦማይኒውስን አላስፈለገውም። አብዛኛው ኮሪያዊም ዜናውን በኔቨርና በመሰሎቹ ፖርታሎች በኩል ማንበብ ለምዷል። የማን ዜና እንደሆነ ሳያይ አንብቦ ያልፋል።

በ2008 መገባደጃ የገንዘብ ቀውሱ መጣ፣ ማስታወቂያ ነጠፈ። ጁላይ 2009 ላይ ኦ ዮን-ሆ ለአንባቢዎቹ ጥሪ አቀረበ፦ በወር 10 ሺህ ዎን የሚከፍሉ 100 ሺህ ሰዎች እፈልጋለሁ። ክበቡን «የመቶ ሺዎች ክበብ» አለው። ገቢው ከአስተዋዋቂ ኩባንያና ከመንግሥት ማስታወቂያ እጅ ወጥቶ አንባቢው እጅ ይግባ ነው ሐሳቡ። በ1988 ለሃንክዮሬ ያዋጡትን 27 ሺህ ሰዎች ያስታውሳል።

ሰዎች ተመዘገቡ፣ ዛሬ ድረስ ይከፍላሉ፣ ኦማይኒውስም ዛሬ ድረስ አለ። መቶ ሺህ ግን አልሞላም። የተጠየቀው ገንዘብ አንድ ዜጋ ዘጋቢ ጽሑፉ ፊት ገጽ ራስ ላይ ሲወጣለት ያገኝ ከነበረው ግማሹ ነው። ያኔ ለመጻፍ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር። ሌላው የጻፈውን እርጥብ እንጨት ቁጭ ብሎ ለሚለቅም ሰው ደመወዝ ለማዋጣት የመጣው ግን ያን ያህል አልሆነም።